ከገጽ ሠላሳ ሦስት የሚጀምረው መጽሐፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከብት ሳክም በሰዓቱ ቤቴ ገብቼ ስለማላውቅ፣ ሽሙጥ ይሆን እንዴ ብዬ ጠርጥሬ ነበር። አይደለም፤ በጀቱ የሚበቃው ለሰዓት ብቻ ነው። ለስላሳ ጠጣን፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ አዲሱ ኃላፊ ስሜን አሳስቶ ጠራኝና ተጨበጨበልኝ። ሰዓቱን በብብቴ ሸጉጬ አሰላ ወዳለው ቤቴ ገባሁ። እስከ ዛሬ አልሰቀልኩትም፤ ትከሻዬ እጄን ወደ ላይ አላነሳ ብሎኛል።

ትከሻዬን የበላው ሥራዬ ነው። ግራ እጄን እስከ ብብቴ ድረስ ላም ውስጥ አስገብቼ የተጣመመ ጥጃ ሳቃና፣ ላሚቱ ስታምጥ ክንዴን እንደ ጨርቅ ስትጨምቀው፣ ይኸው እዚህ ደረስኩ። ጉልበቴን ደግሞ ሳጉሬ ላይ አንድ በቅሎ ነው የሰበረኝ። በቅሎው አልታመመም ነበር፤ የታመመችው ጎኑ የቆመችው ላም ነበረች። ሲደክመኝ ይሄን አስታውስና ብቻዬን እስቃለሁ።

ስሜ አስካለ ነው። አርሲ ውስጥ ግን አስካለ ብሎ የጠራኝ ሰው ጥቂት ነው፤ መርፌ የያዘች ሴት ሁሉ ሲስተር ናትና እኔም ሲስተር ሆኜ ኖርኩ። አንድ ጊዜ አንድ አባወራ ምጥ የያዛት ሚስቱን በጋሪ ጭኖ ደጄ አቆማት። "እኔ እኮ የላም ነኝ!" ስለው፣ "ያው አይደለም እንዴ?" አለኝ። ሮጬ መኪና ፈለግኩላቸውና ጤና ጣቢያ ደረሱ። የተወለደችው ልጅ አሁን አግብታለች አሉ።

ከደብረ ብርሃን መጥቼ መጀመሪያ የተመደብኩት ሮቤ ነው። እዚያ የተቀበሉኝ ጋሽ በቀለ የሚባሉ አጭር፣ ቆብ የማይለያቸው የከብት ሐኪም ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የታመመች ላም ስትመጣ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ ቀጥታ ወደ ላሚቱ ስሄድ እጅጌዬን ያዙኝ።

"ቆይ፣ ልጄ። መጀመሪያ ባለቤቱን።"

ቆባቸውን አውልቀው ሰውየውን ሰላም አሉት። ስለ ልጆቹ ጠየቁት። ከዚያ፣ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያመሰኳችው፣ ምን በላች፣ ዛሬ ማን አለባት ብለው ጠየቁ። እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ጥቂት ካሞቁ በኋላ ነው ላሚቱን የነኩት። ቀዝቃዛ እጅ ሲነካት ሆዷን ትሰበስባለች፣ ሆዷን ከሰበሰበች ደግሞ ምንም አይነበብም። ጆሯቸውን ግራ ጎኗ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ብዙ ጊዜ ከሕዝብ ፊት ቀና ብለው "አላውቅም" ይላሉ። እኔ በእሳቸው ፈንታ አፍር ነበር። ከሌላ ሐኪም አፍ "አላውቅም" የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅማ!

ከሁሉ የማልረሳው ግን የክትባቱን ነገር ነው። ክትባቱ ደረቅ ዱቄት ሆኖ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል፤ በረዶ ሣጥን ውስጥ ይዘነው እንሄድና ከብቱ ሲሰበሰብ በቀዝቃዛ ውኃ እንበጠብጠዋለን። አንዴ ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ይሞታል። ጋሽ በቀለ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው ከብት የምናስገባበት እንጨት ላይ ይሰቅሉና ሁለቱ ሰዓት ሲሞላ የተረፈውን፣ ስንትም ይሁን ስንት፣ ሰዉ እያየ መሬት ላይ ይደፉታል። "ያ ረቢ!" ይላል ገበሬው፣ ራሱን ይዞ። ዘግይቶ የመጣውን ሰው ቆባቸውን አውልቀው ይቅርታ ይጠይቁና ሐሙስ ተመለስ ይሉታል።

"አይጠሉዎትም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይጠሉኛል እንጂ። ግን ምን እንዳደረግኩ እያወቁ ይጠሉኛል" አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ጋሽ በቀለ ጡረታ ወጡ፣ እኔ ወደ ሳጉሬ ተዛወርኩ፣ ከሳጉሬ ደግሞ ዲክሲስ አካባቢ ላኩኝ። ባሌ በዚያው ሰሞን ነው የሞተው። ልጄን መክሊትን እናቴ ዘንድ ትቼ፣ ለእሷ የሚላከውን ከደመወዜ እየቀነስኩ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ተቀመጥኩ። የደጋው ብርድ አጥንት ይገባል። ገበያ በሌለበት ቀን የማነጋግረው ሰው አልነበረኝም፤ ከላም ጋር ማውራት የጀመርኩት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ከዘይነባ ሱቅ ስኳር ገዛሁ። ዘይነባ እንደ ልማዷ ወረቀት ጠቅልላ፣ ስኳሩን ሞልታ ሰጠችኝ። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ስዘረጋው የመጽሐፍ ገጽ ነው። አንድ አስተማሪ በገዛ ሠርጉ ላይ የተዋሰው ሱሪ ሰፍቶት፣ ሰው ጨፍር ጨፍር ሲለው በአንድ እጁ ወገቡን ይዞ እየጨፈረ፣ ዘመዶቹ አዲስ ጭፈራ መስሏቸው ሁሉም ወገባቸውን ይዘው ይከተሉታል። ብቻዬን፣ ስኳሩ ጭኔ ላይ እየፈሰሰ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያን ያህል ስቄ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ገስግሼ ሄድኩ። "ዘይነባ፣ የቀረው የታለ?"

"የምኑ?"

"የመጽሐፉ።"

ከባንኮኒው ሥር አወጣችው። ሽፋኑ የለም። ሠላሳ ሁለት ገጽ በበርበሬና በጨው አልቋል፣ ከሠላሳ ሦስት ይጀምራል፤ ከመጨረሻውም ቀድዳለች። "ምን ያደርግልሻል፣ ሲስተር?" አለች።

"ያስቀኛል።"

"እኔ ግን በምን ልጠቅልል?"

እውነቷን ነው። የድሮ ሪፖርቶቼን በቁልል አመጣሁላት። ቢያንስ አንድ ሰው ሪፖርቴን ሥራ ላይ አዋለው።

ያ መጽሐፍ አሥራ ስምንት ዓመት አብሮኝ ኖረ። በሚኒባስ ውስጥ፣ በጋሪ ላይ፣ በረዶ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብዬ ከብት እስኪሰበሰብ አነበዋለሁ። ጸሐፊው ስሙን ያላወቅሁት የገጠር አስተማሪ ነው፤ ስለ ራሱ የማይናገረው ጉድ የለም። አይጥ ይፈራል፤ ለተማሪዎቹ ግን ነብር ገደልኩ ብሎ ነግሯቸዋል። ተቆጣጣሪ ሲመጣበት ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ወድቆበት፣ ስኳር እንደሚያማስል መስሎ በማንኪያ ያድነዋል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት የምሳሳተው ነገር ብዙ ነው፤ ጥጃ ወንድ ነው ብዬ ሴት ሆና የተገኘችበት ጊዜ አለ። ባነበብኩት ቁጥር፣ እንደኔ ያለ ሰው አለ ማለት ነው እል ነበር። ደክሞኝ ስገባ የምፈልገው ሰው እሱ ነው።

ካሉት ታሪኮች አንዱ ግን አያስቅም። አስተማሪው ሰዓቱ ይጠፋበትና አንድ ተማሪ ሰረቀኝ ብሎ ያስባርረዋል። ከወራት በኋላ ኮቱን ሲያራግፍ፣ ሰዓቱ በተቀደደው ኪሱ ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ተቀምጦ ያገኘዋል። ለማንም አልተናገረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ልብስ ሰፊ ሆኖ አንድ ከተማ እንደሚኖር ይሰማና ሊነግረው ይሄዳል። ደጁ ይደርሳል፣ ውሻ ይጮኻል። እዚያ ላይ ነው ዘይነባ የቀደደችው። አንኳኩቶ ይሆን? መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ጥያቄ ብዙም አላስጨነቀኝም ነበር። ያስጨነቀኝ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ መጣሁ። ሳልጽፈው ብቀር ደስ ይለኝ ነበር።

ከዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ከዲክሲስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ የከብት ቆዳ እብጥ እብጥ ለሚያደርገው በሽታ ክትባት ልሰጥ ሄድኩ። ጠዋት ለመቶ ከብት የሚሆነውን ብልቃጥ በጠበጥኩት። ለካ በቀበሌው ለቅሶ ኖሯል! ሠላሳ ያህል ከብት ብቻ መጣ። ሁለቱ ሰዓት ሞላ። ጋሽ በቀለ ቢሆኑ ይደፉት ነበር፤ እኔ ግን ለሰባ ከብት የሚሆን መድኃኒት መሬት ላይ ማፍሰስ አንጀቴ አልቻለም። ይመጡ ይሆናል እያልኩ ቆየሁ። በረዶው ውኃ ሆነ። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ከቀትር በኋላ መዝገቡን ደመርኩ፣ ፈረምኩ፣ ሣጥኑን ዘጋሁ፣ ረዳቴም ሄደ።

ይሄኔ አንድ ሰው ሁለት በሬዎች እየነዳ፣ ላብ አጥምቆት ደረሰ። ከድር ነው፣ አውቀዋለሁ። እሱና ታላቅ ወንድሙ ሁሴን ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ስላላቸው አቀናጅተው ያርሳሉ፤ ቡሬ የሁሴን፣ ዳለቻ የከድር።

"ሲስተር፣ አደራሽን! ሁሴን ሮቤ እህል ሊሸጥ ሄዷል፣ በሬዎቹን አስወጋ ብሎ አደራ ሰጥቶኛል። ለቅሶው ያዘኝ" አለኝ።

ሐሙስ ተመለስ ማለት ነበረብኝ። ሐሙስ እንደገና ያን መንገድ መምጣት፣ እንደገና ብልቃጥ መበጥበጥ ታየኝ። ምን ይሆናል አልኩ በልቤ። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ የቡሬን አንገት ቆዳ ቆንጥጬ ሳብኩና ወጋሁት፤ ዳለቻንም ወጋሁ። የተዘጋ መዝገብ አልከፍትም ብዬ ስማቸውን አልጻፍኩም። ከድር ረቢ ዕድሜ ይስጥሽ ብሎ መርቆኝ ሄደ።

በሽታው በሁለተኛው ወር፣ ልክ እርሻ ሲደርስ ገባ። ቡሬ ቆዳው ሁሉ አበጠ፣ እግሩ አበጠ፣ መተኛት አቃተው፣ ማመስኳት ተወ። አሥር ቀን እየተመላለስኩ አከምኩት። እጄን ብብቴ ሥር እያሞቅሁ ነክቼዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው? በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ዳለቻ ምንም አልሆነም። ለምን እሱ እንደተረፈ አላውቅም።

በሳምንቱ ሁለቱ ወንድማማቾች ቢሮዬ መጡ። ኃላፊዬ በጎን ወንበር ተቀምጧል። ስለ ክትባት አያያዝ በዚያው ሰሞን አስጠንቅቆን ነበር።

"ሲስተር" አለ ሁሴን፣ "ይሄ ወንድሜ ቡሬን አስወግቻለሁ ይላል። መዝገብሽ ምን ይላል?"

መዝገቡን ገለጥኩ። እንደሌለ እያወቅሁ በጣቴ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። "የለም" አልኩ።

"ሲስተር!" ከድር ጠረጴዛዬን ያዘ። "በእጅሽ! ሣጥኑን ዘግተሽ ልትሄጂ ስትይ አልደረስኩብሽም? አንቺው ከፍተሽ አልወጋሽም?"

ኃላፊዬ ቀና ብሎ አየኝ። መክሊት ኮሌጅ ልትገባ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "አላስታውስም" አልኩ።

ሁሴን አልጮኸም። ወደ ወንድሙ ዞሮ በኦሮምኛ፣ በዝግታ፣ በሬዬን ለቅሶ ቤት ተቀምጠህ ገደልክ፣ ዋሸህም፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም አለው። ከድር እኔን ነበር የሚያየው። እስካሁን የሚታየኝ ያ አስተያየቱ ነው።

መቀናጆው ፈረሰ። በሁለቱ ግቢ መሐል አጥር ቆመ፤ መጀመሪያ የደረቀ እሾህ ነበር፣ በኋላ ተክል ተተከለበትና ከሰው ቁመት በላይ አደገ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ስንት ጊዜ ልናገር ተነሳሁ! ስንት ጊዜ ነገ አልኩ! ቤቴ ስገባ ያንን የሰዓት ታሪክ እከፍታለሁ፤ አስተማሪው ደጁ ላይ ቆሟል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ገጹ ያልቃል። አንኳኩቷል እል ነበር። እንደሱ ያለ እውነተኛ ሰው ሳያንኳኳ አይቀርም፣ እኔም አንድ ቀን አንኳኳለሁ። በዚህ ሐሳብ ነው አሥራ አንድ ዓመት የተኛሁት።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ መክሊት ከአዲስ አበባ መጣች። "እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ" አለችና እጄ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠች። አሮጌ መጽሐፍ ነው፣ ግን ሙሉ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ተራ ስትገለባብጥ የሱሪው ታሪክ ላይ ወድቃ አወቀችው። ልጅ ሆና ለእረፍት ስትመጣ ስንቴ አንብቤላታለሁ! ሽፋኑ ላይ ስሙም ፎቶውም አለ፤ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ራሰ በራ ሰውዬ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ያለ ስም ነው የለመድኩት።

ልጄን አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል መጨረሻውን ገለጥኩ።

አላንኳኳም።

ውሻው ሲጮኽ ደስ አለው። ደህና ምክንያት አገኘሁ ብሎ ወደ መናኸሪያው ተመለሰ፤ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ብሎ ራሱን አታለለ፤ ሌላ ጊዜ ሲመጣ ልብስ ሰፊው ሞቷል። ይህን ሁሉ በራሱ ላይ እየሳቀ ነው የጻፈው፣ ውሻው ታስሮ እንደነበር ሳይቀር። ለሟች መናገር ስላልቻለ ለማያውቀው አንባቢ መናገሩን ይገልጽና መጽሐፉ ያበቃል።

"አንተ ፈሪ!" ብዬ ጮኽኩ። መክሊት ደነገጠች። "አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት አንተን አምኜ!" መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ በኋላ ለቅሶ። ልጄ ትከሻዬን ይዛ፣ "ምን ሆንሽ፣ እማዬ?" ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት ሰው እሷ ናት። ከጸሐፊው ይልቅ በእኔ ማፈሯ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መክሊት ልሸኝሽ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ከዲክሲስ ወዲያ ያለውን በጋሪ ሄድኩ፤ በየጉድጓዱ ጉልበቴ ይጮኻል። ሁሴን ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። አርጅቷል።

"ሲስተር! ጡረታ ወጣች አላሉም እንዴ? ግቢ፣ ግቢ። ከብቶቹ ደህና ናቸው።"

"ለከብት አይደለም የመጣሁት፣ ኦቦ ሁሴን።"

እንደቆምኩ ነገርኩት። ከተቀመጥኩ አፌ እንዳይተሳሰር ፈርቼ ነው። ሲሰማ በትሩን መሬት ላይ ያዞራል።

"ያን ቀን ቡሬን ይዞ መጥቷል?" አለ በመጨረሻ።

"መጥቷል።"

"በእጅሽ ወግተሻል?"

"ወግቻለሁ። መድኃኒቱ ግን ሞቶ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አላስታውስም ነበር ያልሽው።"

"አስታውስ ነበር።"

በትሩን ማዞሩን ተወ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። "እናታችን ስትሞት" አለ፣ "ሬሳዋን በዚህ በኩል እኔ፣ በዚያ በኩል እሱ ይዘን ነው የተሸከምናት። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።" ከዚያ በትሩን ተደግፎ ተነሳ። ይቅር አላለኝም። "ነይ፣ ቅደሚ" ብቻ ነው ያለኝ።

አጥሩ ማለፊያ ስለሌለው ዞረን በመንገዱ በኩል ሄድን። ድሮ አሥር እርምጃ የነበረው ለሁለት ሽማግሌ እግር ትልቅ ጉዞ ሆነ። የከድር ደጅ ስንደርስ ውሻ ጮኸ።

ሁሴን ቆመ። ወደ እኔ ሳያይ፣ "ውሻው ኃይለኛ ነው መሰለኝ፣ ሲስተር። ሌላ ቀን ብንመለስስ?" አለ።

የእኔም እግር ከዚያ ደጅ መሸሽ ነበር የሚፈልገው። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ውሻው እንጨት ላይ በገመድ ታስሯል።

"ታስሯል፣ ኦቦ ሁሴን" አልኩ። የማይነሳውን ግራ እጄን በቀኝ እጄ ደግፌ የቆርቆሮ በሩን በሁለቱም ደበደብኩት። "ከድር! ከድር!"

ከድር ወጣ። ወንድሙን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን ይዞ ቆመ። ሰላምታ ሳላቀርብ፣ "ያን ቀን በሬዎቹን አምጥተሃል፣ በእጄ ወግቻቸዋለሁ" አልኩት።

"እኔማ አውቃለሁ" አለ ከድር። ድምፁ ደክሟል። "ለእሱ ንገሪው።"

"ነግራኛለች" አለ ሁሴን።

ውሻው መጮኹን አልተወም። ከድር ሄዶ ገመዱን አሳጠረው፤ በአንድ እጁ ውሻውን ይዞ በሌላው በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተልን።